ግብረ ገብ በመመሳሰል ተወለደን? የቶማሴሎ ሐሳብና የወሎ ቅሬ

ፕሮፌሰር ማይክል ቶማሴሎ ስለ ሰው ልጅ ግብረ ገብ የተፈጥሮ ታሪክ ጽፈው በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል። ከ400,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰው ያለ ባልንጀራ ምግቡን ማግኘት ስለ ተሳነው፣ ከሌላው ጋር መተባበርን፣ ድርሻ መካፈልንና ግዴታውን ያጓደለውን መውቀስን ተማረ ይላሉ። ኋላም ነገዱ ሲበዛና ከሌላው ነገድ ጋር ሲሻማ ወግ የማኅበሩ ሁሉ ሆነ፤ «የእኛ ሰው» የሚባለውም በቋንቋው፣ በልብሱና በሥርዓቱ መመሳሰል ይታወቅ ጀመር።

የመጀመሪያው ደረጃ ለመካነ ሰላም ገበሬ እንግዳ አይደለም። ወንፈል ማለት ይኸው ነው፤ በጎረቤቱ እርሻ ላይ ሳይውል የቀረ ሰው በተራው ሌላውን ለመጥራት አፍ የለውም። ደራሲው ይህን ሐሳብ በሕፃናትና በቺምፓንዚ ላይ በተደረገ ሙከራ ማስደገፋቸውም የሚመሰገን ድካም ነው።

የምነቅፈው ሁለተኛውን ነው። የወሎ ቅሬ መመሳሰልን አይጠይቅም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር በሚኖሩበት ስፍራ፣ ሰው የሞተ እንደ ሆነ ጎረቤት ሃይማኖት ሳይለይ መቃብር ይቆፍራል፣ እንጨትና እህል ያዋጣል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፤ ልዩነቱን የካደ ማንም የለም። ሕዝብን በማመሳሰል አንድ ማድረግ የመንግሥት ሐሳብ ነበረ፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ አዘዙ። ከዚያም ብዙ መከራ መጣ። መንደሩ ግን ሳይመሳሰል አብሮ መቅበሩን አልተወም።

ይህን ስል ወሎን ለማሞገስ ብቻ የተነሣሁ አይምሰል፤ የአገራችን ልማድ ሌላም ገጽ አለው። አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪውና ሸማኔው በቋንቋም፣ ብዙ ጊዜ በሃይማኖትም ከገበሬው ጋር አንድ ሳሉ «ቡዳ» እየተባሉ ተገለሉ። የቶማሴሎ ሐሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ከሁሉ አስቀድመው «የእኛ» በተባሉ ነበር። እንግዲህ የግብረ ገብን ወሰን የሚያሰፋውም የሚያጠበውም መመሳሰል አይደለም ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሰዎች በየትኛው ሥራ እኩል ሁነው ይገናኛሉ የሚለው ጥያቄ መቅደም ነበረበት። በመቃብር ቁፋሮ ሁሉም እኩል ነው፤ በመሬት ርስትና በጋብቻ ግን አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ከአዋጁም በኋላ ቢሆን በአንጥረኛው ልቅሶ የቆመው ገበሬ ልጁን አልዳረለትም።