ለገሀር፦ በባቡር ስም ወደ አውሮፕላን

ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የጥድ ጥላ ተነስቶ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚሄድ ሰው የተለመደው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ታክሲ መቀያየር ነው። እኔ ከመቀያየሪያዎቹ ሁሉ ለገሀርን እወዳለሁ።

ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት። የጅቡቲው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የባሕር ማዶ መንገድ ከዚህ ይጀመር ነበር። በኋላ የሚበረው ወደ ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ ደግሞ ወደ ቦሌ አቀና። የድሮው ባቡር ዝም አለ፤ ስንብቱ ግን ከለገሀር አልወጣም።

ወያላው «ቦሌ! ቦሌ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ ገብተው ሲያዩ የቀረው ሦስት ነው። ትልቁ ሻንጣ ወንበር ሥር ይሸጎጣል፤ ትንሹ ጭን ላይ ይወጣል። በርበሬና ሽሮ ከሸተተ መንገዱ ሩቅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይጠይቅም። ጠጋ ጠጋ ይባላል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ለማያውቋት ተጓዥ «በሰላም ግቢ ልጄ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ» ይላሉ።

«ወራጅ አለ!» ሲባል የሚወርደው አንድ ሰው ነው። የሚሸኘው ግን ታክሲ ሙሉ ሕዝብ።