ከተማው የታለ?

እኛ አገር ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። ወረታ ውስጥ «እከሊት ባቡር ሄዳለች» ከተባለ እህል ልታስፈጭ ሄዳለች ማለት ነው፤ ሐዲድ በማንም ሐሳብ አይመጣም። እኔም ልጅ እያለሁ ባቡርን የማውቀው በዱቄት የነጣ ሰውዬ የሚቆምበት፣ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ፣ ወረፋው የማያልቅ ቤት አድርጌ ነው። ሰው የሚጭነውን «የምድር ባቡር» ብለን ካልለየነው አንግባባም። እንግዲህ ስለ ባቡር ጣቢያ ሂስ ልጽፍ የተነሣሁት እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፤ ቅር የሚለው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ።

ነገሩ የጀመረኝ ከድሬዳዋ ተሳፍሬ ለቡ የወረድኩ ዕለት ነው። ጉዞው ጥሩ ነበር። ወንበሩ ጥሩ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ አዋሽን ስናልፍ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ስንወርድ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ኩርቱ ፌስታላቸውን በአንድ እጅ፣ የልጅ ልጃቸውን በሌላው ይዘው ከእኔ ጋር ወጡ። ትልቁ ሕንጻ ከኋላችን ቀረ፤ ከፊታችን ሰፊ ሜዳ፣ ሰፊ አስፋልት፣ ጥቂት መኪና። እማማ ግራ ቀኝ ተመለከቱና «ልጄ፣ ከተማው የታለ?» አሉኝ።

«ይኸው እማማ፣ አዲስ አበባ ነው» አልኳቸው።

«እሱንማ ነገሩን። የታለ ነው የምልህ።»

ለቡ ውስጥ መቆማችንን ላስረዳቸው ሞከርኩ። የአዲስ አበባ አካል ነው፣ ታክሲ ይዘን ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ደግሞ ወደሚሄዱበት፣ ምናምን። አልገባቸውም፤ ሳስበው እኔም አልገባኝም ነበር። ስለ ሕንጻና ስለ ከተማ ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ የእማማን ጥያቄ የሚያህል ግን አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ ባቡር ጣቢያ የሚባል ነገር ሁሉ የምመዝነው በእሱ ነው። ጣሪያው ምን ያህል ከፍ ይላል፣ ወለሉ ምን ያህል ያንጸባርቃል የሚለውን ትቼ ከበሩ ከወጣሁ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት አያለሁ።

ይሄ መለኪያ ለአማርኛ ጽሑፍ አዲስ አይደለም። ከእኛ በሐይቁ ማዶ፣ ከዘጌ የወጣ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ይዞት ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአውሮፓውያኑ 1908 ሮም ላይ ሁለት መጻሕፍት አሳተመ። አንደኛውን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተነዋል፦ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። ሁለተኛውን ግን ከተመራማሪ በቀር ብዙ ሰው አያነሳውም። ርእሱ በፈረንሳይኛ ነው፤ «የአቢሲኒያ ተጓዥ መሪ» ብንለው ያስኬዳል። ላይ ላዩን የቋንቋ መማሪያ ነው። አማርኛና ፈረንሳይኛ፣ በንግግር መልክ፣ ለእንግዳ ሰው የሚሆን። ውስጡ ግን ወታደሩ ገበሬውን እንዴት እንደሚያስጨንቅ፣ አስተዳደሩ የቱ ጋ እንደተበላሸ በሰላምታውና በጥያቄው መሀል እየሾለከ ይገባል።

ለእኔ ከሁለቱ የሚበልጠው ይሄኛው ነው። «ጦቢያ» ያማረ ታሪክ ነው፤ ክፉው ይመለሳል፣ የጠፋው ይገኛል። የመንገደኛው መጽሐፍ ግን ቅርጹ ራሱ ማምለጫ አይሰጥም። መንገደኛ የሚጠይቀው ተግባራዊ ነገር ነው፦ ማን ያደርሰኛል፣ ስንት ያስከፍለኛል፣ የት አድራለሁ። እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ከመለስክ አገሩ እንዴት እንደሚተዳደር ሳትወድ ትናገራለህ። (ሰውየው በኋላ በወረራው ዘመን ከፋሺስቶቹ ጋር መቆሙን አልዘነጋሁም። መጽሐፉን ለማንበብ ሰውየውን መውደድ አያስፈልግም።)

የሚገርመው፣ አፈወርቅ በኋላ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። ከእሱ በፊት ደግሞ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እዚያው ቦታ ሠርቷል፤ ባቡሩንም በተቆጣጣሪነት ያውቀዋል። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን የጻፈው፣ ከውጭ ጋር በምናደርገው ልውውጥ ማን ይከስራል ብሎ የጠየቀው ሰው ማለት ነው። ሁለት ትልልቅ ብዕሮች በአንዲት የባቡር ከተማ ጉምሩክ። ሁለቱም የቆሙት ሰው ከሚወርድበት ይልቅ ዕቃ በሚወርድበት በኩል ነው። የእኛ ባቡር ከመጀመሪያውም ለጭነት የታሰበ ነበር፤ ተሳፋሪው ተደርቦ የመጣ ነው።

ያም ሆኖ የድሮዎቹ ሐዲድ ዘርጊዎች አንድ ነገር አስበውበታል። ባቡሩ ወደ ሐረር ሊወጣ ታቅዶ ተራራው ሲያስቸግር በታች በኩል አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ የደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ። ከተማዋ ከጣቢያው በር ነው የምትጀምረው። ከአሮጌው ጣቢያ ወጥተህ የከዚራን ዛፎች ጥላ ይዘህ መሄድ ነው፤ ደቻቱን ከተሻገርክ ከፊራ ገበያ ትደርሳለህ። በእግር! ባጃጅ ቅንጦት ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ ዛሬ ባጃጁ ግዴታ ሆኗል።

አዲስ አበባ ላይ ባቡሩ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንጻ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ሕንጻው ትንሽ ነው። ፎቶው ላይ ከሚመስለው በጣም ያንሳል፤ ክልል ከተማ ያለ ሆቴል ይበልጠዋል። ጥበቡ ያለው ፊቱን ባዞረበት ላይ ነው። ከበሩ ስትወጣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከፊትህ ይቆማል፤ ከእሱ ወዲያ ሰፊው መንገድ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣል። ብሔራዊ ቴአትር፣ ባንኩ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ጫፉ ላይ ማዘጋጃ ቤት። ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን አልተሠራም፤ ማዘጋጃ ቤቱ የመጣው ከጣቢያው ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ነው። ቢሆንም እያንዳንዱ አዲስ ሕንጻ ለባቡሩ መንገደኛ የሚታይበትን ቦታ ይዞ ተቀመጠ። መጥቶ ያልጠየቀ ሰው እንኳ ከተማው ወዴት እንደሆነ ያውቃል፤ ዳገቱን መውጣት ነው።

ስለ አንበሳው አንድ ነገር ልጨምር። ጣሊያን ዘርፎ ሮም ሲወስደው ያቆመው ቴርሚኒ ከሚባለው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በዶጋሊ ሐውልት ሥር ነው። ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው እዚያ ነው። ሌባውም ሳይቀር ለአንበሳው የሚገባው ቦታ ጣቢያ በር ላይ መሆኑን አውቆት ነበር ማለት ነው።

«ለገሃር» የሚለው ቃል ራሱ የፈረንሳዮቹ ላ ጋር ነው፤ ጣቢያው ማለት። ወያላው ሲጠራው ፈረንሳይኛነቱ ከጠፋ ቆይቷል። ባቡሩ ቆሞም ቃሉ ሥራውን አላቆመም፦ ታክሲው ለገሃር ይላል፣ ቀጠሮው ለገሃር ነው። ለቡን እንዲህ አድርጎ የሚጠራ ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ እስካሁን አልመጣም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ጉዳዩ። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ጀመረ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው አዲስ ባቡር በ2009 ዓ.ም. መስከረም ተመረቀ፤ ሰው በመደበኛነት መጫን የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። በሁለቱ ምረቃ መካከል አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለው። ቀላል ባቡሩን የሠራው የቻይና ኩባንያ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን ሐዲድም ሠርቷል። ያው ከተማ፣ ያው ዘመን፣ ያው ተቋራጭ። ሁለቱ ሐዲዶች ግን አይገናኙም! ቀላል ባቡሩ ሲከፈት 39 ጣቢያ ነበረው፤ አንዱ ለገሃር፣ አንዱ አውቶቡስ ተራ። ባቡር የሌለበት ባቡር ጣቢያ ይደርሳል፤ ባቡር ያለበት ጋ አይደርስም።

ለፍትሕ ያህል የሌላውን ወገን ክርክር ላቅርብ። አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሰፊ ሐዲድ ያለው፣ ከረጅም የጭነት ባቡር ጋር የሚሠራ ነው። በድሮው ጠባብ ሐዲድ ላይ ለገሃር ድረስ ይግባ ቢባል ስንት ቤት ይፈርስ ነበር? ስንት ሰው ካሳ እየጠበቀ ዓመት ይቆጥር ነበር? ቻይናም ውስጥ ፈጣን ባቡሮች ብዙ ጊዜ የሚያቆሙት ከከተማ ዳር ነው። እውነት ነው። እዚያ ግን የከተማው ባቡር ተከትሎ ጣቢያው ድረስ ይዘረጋል። እኛ የወሰድነው ግማሹን ሐሳብ ነው፤ ዳር ማውጣቱን ወሰድን፣ ተከትሎ መሄዱን ተውን። የቀረውን ግማሽ የሚከፍሉት እማማ ናቸው። ባቡሩ መንግሥት በተመነው ዋጋ ያመጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ኪሎ ሜትር የሚተምነው ማታ ላይ ፌስታላቸውን ያየው ባለ መኪና ነው።

ይሄን ክፍተት ሥነ ጽሑፋችንም ያላየው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ብዙው በባቡር አልመጣም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ የወጣችው በእግሯ ነው። ከእሷ በኋላ የመጣነው በአውቶቡስ ነው። እኔ ራሴ ከወረታ ሌሊት ተነሥቼ፣ ዓባይን ወርጄ ወጥቼ፣ አውቶቡስ ተራ ስወርድ እግሬ ያበጠ ነበር። አውቶቡስ ተራ ሌባ አለው፣ ጭቃ አለው፣ እጅህን ይዞ የሚጎትት ደላላ አለው። አንድ ነገር ግን የለውም፦ ከተማው የታለ የሚል ሰው። ከተማው ገና በሩ ሳይከፈት መስኮቱን ይደበድባል። ጸሐፊዎቻችን አውቶቡስ ተራን ሲጽፉ ሁልጊዜ ስለ ሌባው ነው የሚጽፉት፤ እኔ ግን ለቡን ካየሁ በኋላ ትንሽ አድልተንበታል ባይ ነኝ።

ወረታ መገንጠያው ላይ ያደገ ሰው ይሄን ከልቡ ያውቀዋል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ እኛ ጋ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሌላው በቻይናዎቹ መንገድ ወደ ደብረ ታቦር፣ ጋይንት፣ ወልድያ ይታጠፋል። ከደብረ ታቦር የታመመ ልጅ ታቅፋ የመጣች ሴት ከሚኒባሱ ወርዳ የባሕር ዳሩን እስክትይዝ የምትራመደው ከአንድ ሱቅ እስከ ሚቀጥለው ነው። «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር የሞላ!» እየተባለ ወደ ጆሮዋ ይመጣል። ከመረጠች ሻይ ትጠጣለች፤ ካልመረጠች ትሄዳለች። የሽንኩርት ጆንያ የጫነው ጋሪም፣ ባጃጁም፣ የጎንደሩ አውቶቡስም አንድ ቦታ ናቸው። ማንም አላቀደውም፤ መንገዱ ራሱ ሠራው። ውበት አለው ብዬ አልዋሽም፤ አቧራና ጩኸት ነው። በግማሽ ሰዓቱ ፈተና ግን ለቡን ያስከነዳል።

ለምን ይሄን ሁሉ እላለሁ? በብሔራዊው የባቡር ዕቅድ ካርታ ላይ ወረታ አለች። ነጥብ ብቻ ብትሆን ዝም ባልኩ፤ መገናኛ ናት። ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳር በኩል የሚመጣው መስመር እኛ ጋ ደርሶ ወደ ወልድያ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ ይሄዳል፤ ሌላው ከእኛ ተነሥቶ በአዘዞ ወደ መተማ። በምሥራቅ በኩል ከአዋሽ እስከ ሐራ ገበያ ተቆፍሯል፤ የእኛው ወገን ካርታ ላይ ነው ያለው። ካርታውን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ አስቂኝ ኩራት ተሰማኝ። ባቡር ማለት ወፍጮ የሆነባት ከተማ ሁለት የባቡር መስመር ልታገናኝ!

ከዚያ እማማ ትዝ አሉኝ። ካርታው ላይ ያለችው ነጥብ የት ላይ እንደምታርፍ አይናገርም። ለመሐንዲስ ዓይን ፎገራ የተሰጠ ሜዳ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ቤት የሌለበት፣ ካሳው ርካሽ የሚመስል። ክረምት ላይ መጥቶ ካላየ ማለቴ ነው። ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሲያልፉ ያ ሜዳ ሐይቅ ይሆናል፤ ሩዙም የተስማማው ውሃው ስለሚተኛበት ነው። እዚያ መሀል በድልድል አፈር ላይ ያማረ ጣቢያ ማቆም ይቻላል። ምረቃው ላይ ፎቶው ከውሃው ጋር ግሩም ይወጣል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የወረደችው የደብረ ታቦር ሴት ግን በየትኛው መንገድ፣ በማን ባጃጅ፣ በስንት ብር? ልጇ አሁንም እንደታቀፈች ነው።

ባለፈው አገር ቤት ሄጄ ለአንድ ባጃጅ ነጂ ይሄን ጥያቄ አነሳሁለት። ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ባቡር ቢመጣ ጣቢያውን የት ብታደርገው ይሻላል አልኩት። መጀመሪያ የወፍጮ መስሎት ሳቀ። ምድር ባቡር ነው የምልህ ስለው ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ አሰበ። ራቅ ቢል ለእሱ ገበያ መሆኑን ያውቃል፤ እኔም አልደበቅኩትም። ወደ መገንጠያው፣ ሰው ከጎንደሩ አውቶቡስ ወደሚወርድበት በአገጩ አሳየኝ።

«እዚሁ ነዋ» አለ፤ «ሰው ያለው እዚህ አይደል?»