«ክንፍ አልባ» ወይስ «ዊንግለስ»? የፍራፍሬ ዝንብ ዘረመሎችን ስም ስለ መተርጎም

የሥነ ሕይወት ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፥ እያንዳንዱን የባዕድ ስም በፍቺው መተርጎም ቋንቋውን ያበለጽጋል የሚል አስተያየት አለ። አሳቡ በጠቅላላው የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ የፍራፍሬ ዝንብ (ድሮዞፊላ) ዘረመሎች ላይ ሲደርስ አንባቢን እንደሚያሳስት ለማስረዳት እንወዳለን።

የዝንቧ ዘረመሎች በአብዛኛው የሚሰየሙት በሚሠሩት ሥራ ሳይሆን፥ ሲበላሹ በሚታየው ጉድለት ነው። ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1910 እ.ኤ.አ. ከቀይ ዓይናዎቹ ዝንቦች መካከል ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ዝንብ አገኘ፤ ዘረመሉም «ኋይት»፥ ማለት «ነጭ»፥ ተባለ። ጤነኛው ዘረመል ግን ዓይን ቀለም እንዲኖረው የሚያስፈልግ ነው። ዊንግለስም እንዲሁ ለክንፍ መበቀል የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ፥ ስሙን ያገኘው ክንፍ ካጡ ዝንቦች ነው። እንግዲህ «ክንፍ አልባ ዘረመል» ብንል፥ በአማርኛ ቅጽል የሚገልጸው ተከታዩን ስም ነውና፥ ክንፍ የሌለው ዘረመሉ ራሱ ይመስላል። አንባቢው አቃንቶ ቢረዳው እንኳ ክንፍን የሚያጠፋ ይለዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው።

የአሠራር ቃላት ግን መተርጎም አለባቸው፤ ምርጫቸውም ጥንቃቄ ይሻል። የዊንግለስ ፕሮቲን ከአንድ ሕዋስ ወጥቶ በጎረቤቱ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲጣመር፥ አርማዲሎ የተባለው ፕሮቲን ከመፍረስ ይድናል፤ ተከማችቶም ወደ ኒውክሊየስ ይገባና ሌሎች ዘረመሎችን ሥራ ያስጀምራል። ይህን «ትእዛዝ» ብንለው፥ ነገሩ የሚከናወነው ማፍረስን በመግታት መሆኑ ይሰወራል። «መልእክት» የሚለውም «መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ.» በሚለው ስያሜ ቀድሞ ተይዟል። ስለዚህ «ምልክት» የተሻለ ይመስለናል።

ጉዳዩ የቃላት ብቻ አይደለም። ሄጅሆግ የተባለው የዝንብ ዘረመል ስሙን ያገኘው እጩ እሾኻም በመምሰሉ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በጀርባ አጥንታሞች የተገኘው ዘመዱ ደግሞ በቪዲዮ ጨዋታ ገጸ ባሕርይ «ሶኒክ ሄጅሆግ» ተባለ። ይህ ዘረመል በሰው ሲበላሽ የፅንሱ አንጎል በወጉ ለሁለት ሳይከፈል ሊቀር ይችላል። የቤተ ሙከራን ቀልድ ተርጉሞ ላዘኑ ወላጆች ማቅረብ የአስተርጓሚ ተግባር ሊሆን አይገባም።

እንግዲህ የዘረመሉ ስም በድምፁ ይጻፍ፤ በመጀመሪያ ሲጠቀስ የስሙ ምክንያትና የዘረመሉ እውነተኛ ሥራ ለየብቻ ይገለጽ፤ «ተቀባይ»፥ «ምልክት»፥ «መግታት» የመሳሰሉት የአሠራር ቃላት ግን በአማርኛ ይሁኑ እንላለን። ስም መለያ ነው፤ ማስረዳት የትርጓሜው ፈንታ ነው።