እምቢታ በአሸናፊ ብዕር፦ ታሲተስና የሀድያው አማኖ

የጥንቷ ሀድያ ታሪክ በጽሑፍ የደረሰን በአብዛኛው ባስገበሯት ነገሥታት ጸሐፊዎች በኩል ነው። የሮማ ጸሐፊዎች ስለ ተሸናፊዎቻቸው የጻፉትም እንዲሁ የአሸናፊ ቃል ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ ሥልጣን እምቢ ያለውን ሰው ባሕርይ እንዴት እንደሚተረጉም ያሳያሉ።

ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ «አግሪኮላ»ን የጻፈው በ98 እ.ኤ.አ.፣ ጨቋኙ ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን በተገደለ በሁለተኛው ዓመት ነው። መጽሐፉ በብሪታንያ የዘመተውን የሚስቱን አባት አግሪኮላን ያወድሳል፤ ነገር ግን ከውጊያው በፊት የብሪታንያውያኑ አለቃ ካልጋኩስ ተነሥቶ የሮማን ስግብግብነት ያወግዛል። ደራሲው በሌላ ቦታም ብሪታንያውያን የሮማን መታጠቢያ ቤትና ግብዣ ሲለምዱ ባርነታቸውን ሥልጣኔ ብለው እንደ ተቀበሉት ይታዘባል። ለእሱ፣ ሰውን ከሰይፍ ይልቅ ምቾት ያንበረክከዋል።

የዓፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) የግዕዝ ዜና መዋዕል ግን ጥርጣሬውን ወደ ሌላ ወገን ያዞራል። የሀድያው ገዥ አማኖ ግብር አላመጣም ያለው በልዓም የተባለ «ሐሰተኛ ነቢይ» ስለ መከረው ነው ይላል፤ ንጉሡ ይዘምታል፣ አማኖ ይማረካል፣ ነቢዩ ወደ ሙስሊሙ የይፋት ሱልጣኔት ይሸሻል። እምቢታ እዚህ የመታለል ውጤት እንጂ የፖለቲካ ውሳኔ አይደለም። ጸሐፊው በሕይወት ያለን ንጉሥ ሲያወድስ፣ ታሲተስ ግን ከሞተ ገዥ ጥላ ወጥቶ ነበር የጻፈው፤ ልዩነቱን ከጸሐፊዎቹ ጠባይ ብቻ ማምጣት አይገባም።

ታሲተስን ለፍትሐዊነቱ ከማሞገስ በፊትም አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል። ካልጋኩስ ከዚህ መጽሐፍ ውጭ አይታወቅም፤ ንግግሩም የሮማ ንግግር አዋቂ ቅንብር ነው። የሚሰማው የሮማ ሕሊና እንጂ የብሪታንያ ድምፅ አይደለም። በአንጻሩ የግዕዙ ጸሐፊ፣ ሳያስበው፣ አማኖ አማካሪ እንደ ነበረውና ከይፋት ጋር የሚያገናኝ መንገድ እንደ ነበር ይነግረናል። ከወቀሳው ሥር ስሌት ይታያል።

ምቾት ሰውን ያንበረክካል የሚለውን የታሲተስን ፍርድ በይበልጥ የምትፈትነው ግን እቴጌ እሌኒ ናት። የሀድያ ገራድ (ገዥ) ልጅ ሆና የዓፄ ዘርአ ያዕቆብ ሚስት ሆነች፤ ከ1508 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕፃኑ ልብነ ድንግል ዘመን አገር ስታስተዳድር፣ መልእክተኛውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችው እሷ ናት። ወደ አሸናፊው ቤት መግባት ለእሷ መንበርከክ ብቻ አልነበረም፤ የገባችበትን ሥልጣን መልሳ ይዛዋለች።

ስለዚህ በሆሳዕናና በዱራሜ የታሪክ ክፍሎች ታሲተስ ሊነበብ የሚገባው፣ ስለ ተሸናፊው በሚነግረን ሳይሆን፣ ገዥ ራሱን መጠርጠር እንደሚችል በማሳየቱ ነው። ስለ አማኖ ለማወቅ ግን የገዥ ሕሊና አይበቃም። ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የሀድያን ታሪክ ሲያጠና ከጽሑፉ ጎን የሽማግሌዎችን ትውፊት ያሰባሰበው ለዚህ ነው፤ ያ ሥራ በአገሬው ተመራማሪዎች እጅ መቀጠል አለበት።