ሰነዱ የተቆረጠ ቤት

በመድረሳ ያደገ ሰው አንድ ልማድ አይለቀውም። ወሬ ሲነገረው «ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን ሰማ?» ብሎ ይጠይቃል። የሐዲስ ሊቃውንት የተናጋሪዎቹን ሰንሰለት አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር። አንዱ «ከእገሌ ሰማሁ» ሲል እገሌ የተባለው ሰው እሱ ሳይወለድ የሞተ ሆኖ ከተገኘ፣ ወሬው የቱንም ያህል ቢያምር ሰነዱ የተቆረጠ ነው ተብሎ ይመለሳል። ይህ ሚዛን ለኪታብ ብቻ የሚያገለግል ይመስለኝ ነበር። ሐረር ሄጄ ጀጎል ግንብ ውስጥ ካለ አንድ ቤት ፊት ስቆም ግን ለድንጋይና ለእንጨትም እንደሚሠራ ገባኝ።

ከእኛ ከባኮ እስከ ሐረር፣ በአምቦ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ ለሚሻገር ሰው፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ለዘመድ ጉዳይ እንጂ ለጉብኝት አልነበረም። ነገር ግን ሐረር ገብቶ ጀጎልን ሳያዩ መመለስ ነውር ነው አሉኝ። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ መቃብሮች ቆጥሮላታል፤ ከመስጊዶቹም ሦስቱን እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። አስጎብኚው ልጅ ግን ወደ መስጊዶቹ አልወሰደኝም። የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ከሰጠው ከመኪና ግርግር ብዙም ሳንርቅ «ና፣ ራምቦ ቤትን ላሳይህ» አለኝ።

ራምቦ ሲባል ልጆቻችን የሚያውቁት የአሜሪካ ፊልም ላይ መትረየስ የሚይዘውን ሰው ነው። ይኼኛው ሌላ ነው፤ አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ገጣሚ ሲሆን በወጣትነቱ ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ ሆነ። በ1880 እ.ኤ.አ. ሐረር የገባው ለአንድ የፈረንሳዮች የንግድ ቤት ተቀጥሮ ነበር፤ ከተማዋ ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር፤ በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ አምጥቶ ሸጧል። እንግዲህ ከፊልሙ ሰውዬ ጋር የሚያገናኛቸው አልታጣም! ታሞ አገሩ ተመልሶ በ1891 እ.ኤ.አ. ማርሴይ ከተማ ሞተ።

ቤቱን ደግሞ እንመልከት። ባለ ፎቅ ነው፤ ሰገነት አለው፣ እንጨቱ የተቀረጸ፣ የመስኮቶቹ መስታወት በቀለም የተዋበ። ከላይ ሆኖ ከተማውን ላየ ሰው ልብን ደስ ያሰኛል። ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ የተሠራውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ገጣሚው ከሞተ በኋላ ማለት ነው። በስሙ የሚጠራውን ቤት ራምቦ በዓይኑ አላየውም። በዚያው ቦታ ላይ ቀድሞ በነበረ ቤት ኖሯል የሚሉ አሉ፤ ይሁን። ነገር ግን ደረጃውን የወጣሁበት፣ መስኮቱን የከፈትኩት ይኼ ቤት የእሱ አይደለም። በመድረሳ ሚዛን ሰነዱ ተቆርጧል።

ፍትሐዊ መሆን ስላለብኝ ሌላውንም እናገራለሁ። ይህ ስም ባይኖር ቤቱ ዛሬ ላይቆም ይችል ነበር። ለእድሳቱ ከፈረንሳይ በኩል እርዳታ የመጣው በገጣሚው ስም ነው። ውስጥ የተሰቀሉት የጥንቷ ሐረር ፎቶግራፎች፣ ራምቦ ራሱ ያነሳቸው ጭምር፣ አያቶቻችን ምን ለብሰው ገበያ ይወጡ እንደነበር ያሳያሉ። ይህን ማቃለል ሐቅን መካድ ነው። ቅሬታዬ በሌላ ነው። ከዚያ ቤት ስወጣ ስለ ፈረንሳዊው ልጅነት ሳይቀር የተማርኩትን ያህል፣ ስላሠራው ነጋዴና ያንን ሰገነት ስለጠረቡት እጆች አልተማርኩም። የቤቱ ትልቁ ኤግዚቢሽን ራሱ ቤቱ መሆኑ ተዘንግቷል።

የሐረሪዎች ነባር ቤት፣ ጌ ጋር የሚሉት፣ ፊቱን ወደ ግቢው መልሶ የሚኖር ቤት ነው። ውስጡ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ የቤቱ አባወራ፣ እንግዳው፣ ደረሳው የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ህንዶቹ ያመጡት ቤት ግን ሰገነቱን አውጥቶ መንገዱን ያያል፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። አንድ ከተማ ከባሕር ማዶ የመጣን የአሠራር ዘይቤ እንዴት ተቀብሎ የራሱ እንዳደረገው ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምን ኪታብ አለ? ከእነዚህ ህንዶች መካከል ሙስሊሞችም ነበሩ። የመሐመድ አሊ ኩባንያ ከሐረር ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ትልቅ ንግድ ሠርቷል፤ ጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. እስኪያባርሩት ድረስ። ልጆቻችን የዚህን ኩባንያ ስም ያውቁታል ወይ?

እዚያው ጀጎል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባል ሌላ ቤት አለ። እሱንም ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ግን በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ሰው የጫጉላ ጊዜያቸውን አሳልፈውበታል ስለሚባል ነው። በስሙ ነገር ያው ነው። በውስጡ ግን ልቤ አረፈ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ የሐረር ሰው ለዓመታት ከየቤቱ ያሰባሰቧቸው የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖችና ኪታቦች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦች ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝብ የሚታዩት እዚያ ነው። እኚህ ሰው የተበጣጠሱ ኪታቦችን ለማዳን ሲሉ የጥንቱን የመጽሐፍ ጥረዛ ጥበብ እንደገና አንስተዋል። አንድ ሰው በራሱ ገንዘብና ጊዜ የጀመረው ሥራ ነው። ብዙ ጀመዓዎች ተሰብስበን ያልሠራነው።

«ቤት ዱንያ ነው፣ ፈራሽ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ ወንድም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ፈራሽ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩትን ፍፃሜ እንድናይ ደጋግሞ ያዘናል። የሚታይ ነገር ካላስቀረን ተጓዡ ምን ያያል? ደግሞም የሰውን ሥራ ለሌላ ሰው ማስመዝገብ የአማና ጉዳይ ነው፤ የሞተ ሰው ተነስቶ ሐቄን ስጡኝ አይልምና። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ከአንባቢዎቻችን ስንቶቻችን ነን የማን ቤት እንደነበሩ የጠየቅነው?

ይህን ስጽፍ ራሴን ነፃ እያወጣሁ አይደለም። ባኮ ውስጥ በልጅነቴ አንድ የየመን አረብ ነጋዴ ያሠራው ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበር፤ በረንዳው ሰፊ፣ አጣናው ከሩቅ የመጣ። አሊፍ ባ ታ የቆጠርኩት እዚያ በረንዳ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የቆርቆሮው ድምፅ የኡስታዛችንን ድምፅ ይውጠው ነበር። ቤቱ ሲፈርስ እኔ ትልቅ ሰው፣ አስተማሪም ነበርኩ። ቆሜ አየሁ። ጥሩ የበር እንጨት እንደወጣው ለጎረቤት አወራሁ እንጂ፣ የባለቤቱን ስም የሚያውቅ ሰው ፈልጌ አልጠየቅኩም። ተማሪዎቼን «ከማን ሰማችሁት?» እያልኩ የማስጨንቅ ሰው!

ከሐረር ከተመለስኩ በኋላ ከዐስር ሰላት ወጥተን አንድ አዛውንት ጠየቅኩ። የነጋዴውን ስም ወዲያው ነገሩኝ፤ ስኳር በዱቤ ይሰጣቸው እንደነበርም አጫወቱኝ። የአባቱ ስምና የመጣበት አገር ግን ጠፋባቸው። ከእሳቸው የሚበልጡ አንድ ሌላ ሽማግሌ ገጠር አሉ፤ ለጁምዓ ሲመጡ እጠይቃቸዋለሁ።