«በፍጹም» ስለሚባለው ቃልና ስለ አስተርጓሚ ጥንቃቄ

የአስተርጓሚነትን ሥራ በጀመርሁበት ዘመን የሚያስፈራኝ ረጅሙና እንግዳው ቃል ነበር፤ የመጀመሪያውን እፍረት ያመጣብኝ ግን እንግሊዞች «አብሶሉትሊ» የሚሉት፣ ጀማሪ ተማሪ ሁሉ አውቀዋለሁ የሚለው ተውሳከ ግሥ ነው።

አንድ ሽማግሌ ከባዕድ አገር የመጡትን እንግዳ «የገቡልንን ቃል ይጠብቃሉን?» ብለው ቢጠይቁ፣ እንግዳው ፊታቸው በርቶ «አብሶሉትሊ!» አሉ፤ እኔም መዝገበ ቃላት ያስተማረኝን ሳልመረምር «በፍጹም!» ብዬ ተረጐምሁ። ሽማግሌው ለመነሣት በትራቸውን ሲያነሡ ባየሁ ጊዜ፣ እሺታን ወደ እንቢታ መለወጤ ገባኝና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ አቃናሁት።

ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር፣ የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣና ጥንተ ትርጓሜው «የተፈታ» ማለት ነው፤ ካህን ለተነሳሒ የሚያደርሰው ፍትሐትም በእንግሊዝኛ ከዚያው ግንድ እንደሚጠራ ሁሉ፣ በግእዝም መፍታትን ከሚያሳይ «ፈትሐ» ከሚል ግሥ ይወጣል። የእኛ «ፍጹም» ግን «ፈጸመ» ከሚለው ተወልዶ መጨረስንና ጉድለት ማጣትን ይናገራል። ስለዚህ «በፍጹም ልቡ ወደደ» ስንል ሙላትን እንገልጻለን፤ ቃሉ ብቻውን ለጥያቄ መልስ ሆኖ ሲቆም ግን፣ በሕዝብ አነጋገር እንደ «ከቶ» ከአሉታ ጋራ ኖሮ ስለ ለመደ፣ አሉታው ባይነገርም ይሰማል።

የቃሉም ቦታ ጥንቃቄ ይሻል። እንግሊዝኛው ተውሳከ ግሡን ከአሉታው ቢያስቀድም «ፈጽሞ እውነት አይደለም» እላለሁ፤ አሉታውን ቢያስቀድም ግን ተናጋሪው የካደው እውነቱን ሳይሆን ሙላቱን ነውና «እውነትነቱ ፍጹም አይደለም» እላለሁ። በሕግ ጽሑፍ «ያለ ገደብ» ሲስማማ፣ በፊዚክስ ደግሞ ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነውን የቅዝቃዜ ወሰን «ፍጹም ዜሮ» ማለት ይገባል፤ በዚያ «ፍጹም» እውነተኛ ፍጻሜን ያመለክታልና።

ዛሬ ያ ቃል ከእንግዳ አፍ ሲወጣ፣ አቻውን ከመፈለጌ አስቀድሞ ተናጋሪው እሺ ማለቱን ወይም እንቢ ማለቱን እጠይቃለሁ። በሥሩ «የተፈታ» የተባለው ቃል፣ ተስፋ በሚሰጥ ሰው አንደበት ሲነገር ተናጋሪውን ያስራል፤ አስተርጓሚም ያን ማሰሪያ ሳያላላ ማድረስ አለበት። ለእኒያ ሽማግሌ ልነግራቸው ይገባኝ የነበረው ቃል «እንዴታ!» ነበር።