የበጌምድር ድምፅ በዲስኮ ዘመን

በደብረ ታቦር ኢየሱስ በዓል መዘምራኑ ጸናጽል እየጸነጸሉ፣ መቋሚያ እያወዛወዙ ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው፣ የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና እንደ ደረሱት የሚነገርለትና በልጃቸው ስም የተጠራው የተክሌ ዝማሜ ዜማን ከሰውነት ንቅናቄ ጋር እንዴት እንዳዋሐደ ያስተውላልና፣ የዚያው የበጌምድር ተወላጅ አስቴር ዐወቀ በዲስኮ ዘመን ስታዜም ትከሻን ማነቃነቋ እንግዳ አይሆንበትም። ቅዱሱን ዝማሜ ከምሽት ዳንስ ጎን ማቆሜን ካህናቱ ይቅር ይበሉኝ።

አስቴር እ.ኤ.አ. በ1959 በጎንደር ተወልዳ በአዲስ አበባ አደገች፤ በደርግ ዘመን፣ ሰዓት እላፊ ሌሊቱን በዘጋበት፣ ከሮሃና ከሌሎች ባንዶች ጋር አዚማለች። በ1981 ወደ አሜሪካ ተሰደደች፤ በዋሽንግተንም በስደተኛው ወገኗ መካከል ስታዜም ከቆየች በኋላ የለንደኑ ትሪፕል ኧርዝ በ1989 በስሟ የተሰየመውን አልበም፣ በ1991 ደግሞ «ካቡ»ን አሳተመላት።

የባዕድ ሐያስያን ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር አነጻጸሯት። ንጽጽሩ ክብር ቢሆንም ለእኔ ጎደሎ ነው፤ ምክንያቱም የዲስኮ ከበሮ አራት ምት እየቆጠረ በቀጥታ ሲገሰግስ፣ ችክችካችን ግን ምቱን በስድስት ከፍሎ ትከሻን ስለሚያናውጥ፣ የአስቴርም ጉሮሮ ቤዝ ጊታሩና የነሐሱ መለከት በዘረጉላት ጎዳና ላይ አንዲቱን ፊደል ይዞ፣ እንደ አዝማሪ መሲንቆ እያንቀጠቀጠና እየሰበረ፣ ከሚጠበቅበት ስፍራ ጥቂት ዘግይቶ ያሳርፋታል።